ከጋቢና የሚታየው

ሲስተር የዓመት ፈቃዷ የተፈረመበትን ወረቀት ይዛ ቤት ስትገባ፣ ባሏ ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር ግማሽ ሰውነቱን አስገብቶ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠግን ነበር። ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

"አሥራ ሁለት ቀን ሰጡኝ" አለችው፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ።

"ለምኑ?"

"ለእረፍት ነዋ፣ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ። ተራራውን ታሳየኛለህ።"

ሰውየው አንገቱን አወጣ። ግንባሩ ላይ የቧንቧው ጥቁር ቅባት ተለድፏል። "የቱን ተራራ?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ስትመላለስበት የኖርከውን።"

ሲስተር የምትሠራው በከተማው ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነው። ከመርፌዋ ያላለፈ ልጅ በሰፈሩ ስለሌለ፣ መንገድ ላይ ሲያያት ክንዱን ደብቆ የማይሸሽ የለም። ጎረምሶቹ እንኳ ጢም አብቅለው ሰላም ሲሏት ወደ ኋላ ሸርተት የማለት ነገር አለባቸው። ባሏ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሲሚንቶና በርሜል ጭኖ ተራራውን ይሻገራል፤ ከወዲያ ማዶ ያራግፋል፤ ይመለሳል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አልተገለበጠም። ጓደኞቹ "እሱማ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ባይ ነው" እያሉ ሲቀልዱበት፣ ተረቱ አጥሮ አጥሮ "ቀስ በቀስ" የሚለው ብቻ ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ።

ተራራው በትዳራቸው ውስጥ እንደ ክፉ አማት ነበር። "ተራራው ጭጋግ ስለሆነ አልመጣም"፣ "ተራራው ናዳ ዘግቶታል"፣ "ተራራው ላይ ፍሬን ጋለብኝ"። ሲስተር ስሙን እየሰማች ፊቱን ሳታየው ከወጣትነት ወደ ሽበት ተሻገረች። ልጃቸው አድጋ፣ ተድራ ከቤት ወጣች። ባልየውም ጡረታ ወጣና አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ፣ ሞተሯን ፈትቶ ሲገጥም ሲፈታ ዋለ። እሷ ግን አማቷን ገና አልተዋወቀችም።

"የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል አልሰማሽም?" አላት፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ሰምቻለሁ። እኔን ግን ናፍቆኛል። ምን ላድርግ?"

ወደ ቧንቧው ተመለሰ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ባለ ካሬ ደብተር፣ ማስመሪያና ሁለት እርሳስ ገዝታ መጣች። የምግብ ጠረጴዛውን ጠርጋ ባሏን አስቀመጠችው። መጀመሪያ ላይ ታሪክ ሊናገር የማይፈልግ ምስክር ይመስል ነበር። እርሳሱን ከያዘ በኋላ ግን እጁ ራሱ መንገዱን ያውቀው ጀመር። ካሬዎቹን እየቆጠረ፣ አንዷን ካሬ እንደ ሁለት ኪሎ ሜትር እየወሰደ፣ መስመሩን ከታችኛው የደብተሩ ጥግ አስነሥቶ ወደ ላይ ወሰደው።

"ይሄ ማደያው ነው። ከዚህ እስከዚህ ሜዳ። እዚህ ጋ ዳገቱ ይጀምራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ታስገቢያለሽ። ይቺ ኩርባ ኑዛዜ ትባላለች።"

"ለምን?"

"ጭነት ይዞ የደረሰባት ሁሉ ኃጢአቱ አንድ በአንድ ትዝ ይለዋል።"

ሲስተር ሳቀች። እሱም ሞቅ አለው። ራዲያተር የሚሞላበትን ምንጭ አሳያት። ጎማ እየጠገነ የሰው ሚስጥር ሁሉ የሚያወጣውን ጎሚስታ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት የሚመስል በረዶ የሚጋገርበትን ጥላ፣ ሁለት መኪና የማያሳልፈውን ጠባብ መንገድ ሁሉ በቦታው አስቀመጠ። ሁለት ገጽ ሞላ። ሦስተኛው ላይ መስመሩ ጫፍ ወጣና ወደ ማዶ ማዘቅዘቅ ጀመረ።

"እሺ" አለች ሲስተር፣ ሌላኛውን እርሳስ አንሥታ። "አሁን ደግሞ የሚታየውን እንጻፍበት። ኑዛዜ ላይ ሆነህ ቁልቁል ስታይ ምን ይታያል?"

"ቁልቁል አይታይም።"

"እንዴት አይታይም?"

"ቁልቁል ያየ ሹፌር ቁልቁል ይወርዳላ።"

"ከጫፉስ ላይ?"

"ጫፉ ላይ ቆመሽ ፍሬን ትፈትሺያለሽ።"

"ምንጩስ ጋ?"

ጥቂት አሰበ። "ቀዝቃዛ ነው" አለ።

የሚቀልድ መስሏት ነበር። ቀና ብላ ስታየው ግን የእርሳሱን ጫፍ በአውራ ጣቱ እየፈተገ ነው፣ ጆሮው ቀልቷል። ያን ጊዜ ገባት። ሃያ ስድስት ዓመት ያለፈበትን ተራራ ሰውየው አላየውም። እያንዳንዱን ጉድጓድ ያውቃል፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቃል፣ ቀና ብሎ ያየው ነገር ግን የለም። እንደገባት እንዳያውቅባት ብላ ጣቷን ደብተሩ ላይ ወዳለ ምልክት ወሰደች።

"ይሄ ኤክስ ምንድን ነው?"

"ድልድዩ ነው። ልጃችን የተወለደች ሳምንት ጎርፍ ወስዶት፣ እዚህ ጋ ሦስት ቀን ቆሜ ነበር።"

"ጭነት የሚያራግፍ ሰው ጠፋ ነበር ያልከኝ።"

"አራስ ነበርሽ። ጎርፍ ብልሽ እንቅልፍ አይወስድሽም ብዬ ነው።"

ሲስተር እነዚያን ሦስት ቀናት ጨቅላዋን ታቅፋ በሩን በሩን እያየች እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አትረሳም። "ስረግምህ ነበር" አለችው።

"ደርሶኛል። ጎማም ፈንድቶብኝ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። ሰውየው ከሳቁ በኋላ ግን ተመልሶ ደብተሩን አየና፣ "እስኪ ማርሽ ጋ ልደውል። እሱ ዓይኑ አያርፍም፣ ሳያይ አይቀርም" አለ።

ማርሽ የሚሉት የድሮ የመንገድ ጓደኛው ነው። እሱም ጡረተኛ ነው፣ ወሬ ሲያወራም እንደ ዳገት ላይ መኪና ድምፁን እየቀያየረ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ድምፁን ከፈቱት።

"ምን ይታያል ነው የምትለኝ?" አለ ማርሽ። "ሲሄዱ ገደሉ በቀኝ ነው፣ ሲመለሱ በግራ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

"ሲስተር ናት የምትፈልገው። የሚያምር ነገር።"

"የሚያምርማ ማዶ ደርሰህ ስታራግፍ ነው።"

ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ ተሰማ። የማርሽ ሚስት ናት፤ ለእህቷ ሰርግ አንዴ ጋቢና ተቀምጣ ተራራውን ተሻግራለች። ስልኩን ከባሏ እጅ ሳትወስደው አልቀረችም፣ ድምፁ ቀረበ።

"ሲስተር፣ እኔ ልንገርሽ። ኑዛዜ ካለፋችሁ በኋላ ወደ ቀኝ ሐይቅ አለ። መሃሉ ላይ ትንሽዬ ደሴት፣ ደሴቷ ላይ ደግሞ አንድ ዛፍ ብቻዋን ቆማለች። እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።"

"ሐይቅ?" አለ ማርሽ ከኋላዋ።

"አዎ ሐይቅ። እይ ብዬ ክንድህን ብይዝህ፣ ኩርባ ላይ ነኝ አትነካኪኝ ያልከኝ ጊዜ።"

የሲስተር ባል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሒሳብ ይሠራ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በዓመት መቶ ገደማ፣ በሃያ ስድስት ዓመት።

"ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ አልፌበታለሁ" አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው። "ሐይቅ አለ እንዴ?"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሲስተር "ሐይቅ፣ በቀኝ" ብላ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈች። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ ከአንድ ሰዓት በፊት ያሰበችውን ተናገረች።

"የሚነዳ ሰው አያይም ማለት ነው። እንግዲያው አንተ አትነዳም። እኔ እነዳለሁ።"

ሰውየው የሰማውን ነገር እንዳልሰማ ሆነ። ደብተሩን አጠፈ። ተነሣ። ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ መደገፊያውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ሲስተር፣ ተራራ እንደ ክንድ አይደለም፣ ወግተሽ የምትለቂው።"

"አሥራ አንድ ዓመት የጤና ጣቢያውን መኪና ነድቻለሁ።"

"ሜዳ ለሜዳ ነዋ።"

"አብረኸኝ ሄደህ ታውቃለህ?"

አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ጋርም ሆነ ከማንም ጋር ጋቢና ተቀምጦ አያውቅም። ልጃቸው በተዳረች ጊዜ እንኳ የሙሽራውን ሹፌር አስነሥቶ እሱ ራሱ ነው የነዳው።

ቀጥሎ የመጡት ሁለት ቀናት ኩርፊያ ባይባሉም የኩርፊያ የአጎት ልጅ ናቸው። ሰውየው አፉን ዘግቶ ቤቱን ሲጠግን ዋለ። የሚንቀጠቀጠውን ወንበር አጠበቀ፣ የሚያቃስተውን በር ዘይት አጠጣ፣ ምንም ያልሆነውን ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ገጠመው። ሲስተርም አልጎተጎተችውም። ልጅ በግድ ከያዙት ክንዱን ያጠነክራል፣ ከተዉት ራሱ ይሰጣል፤ ይህን ከሥራዋ ነው የተማረችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ስትወጣ፣ ጢሙን ተላጭቶ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ አገኘችው።

"ዛሬ የገጠር ዙር ነው አይደል የምትሄዱት?"

"ነው። ባልደረባዬ ግን ሥልጠና ላይ ስለሆነች ብቻዬን ነኝ።"

"እኔም ሥራ ፈት ነኝ። ልሸኝሽ።"

"ሸኚ ጋቢና ነው የሚቀመጠው" አለችው ሳታየው።

ፈተና መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። የጤና ጣቢያውን መኪና አስነሥታ ከግቢ ከመውጣቷ በፊት ሲስተር መስታወቶቹን ሁለት ሁለት ጊዜ አስተካከለች። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀችም። ሰውየው የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቅፎታል። ቀኝ እግሩ ግን አላርፍ ብሏል። አንድ ነገር ፊት ለፊት በታየ ቁጥር እዚያ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ፍየል ሲያይ ይረግጣል። ኩርባ ሲያይ ይረግጣል። አንዴ ምንም በሌለበት ረገጠና፣ ሲስተር ዞር ብላ ስታየው፣ "እግሬን ደንዝዞኝ ነው" አለ።

የሚሄዱባት መንደር ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ጀርባ ናት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ መንገዱ ከጠበበበት ቦታ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና ከላይ ቁልቁል መጣባቸው። አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ ጭነት ያለው ደግሞ አይመለስም። ባሏ ሳጥኑን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ሲስተር አልተቻኮለችም። መኪናዋን አቆመች፣ አንገቷን አወጣች፣ የኋላ ማርሽ አስገብታ መንገዱ ሰፋ እስካለበት ድረስ ጥግ ጥጉን ይዛ ተመለሰች። ጎማዋ ከመንገዱ ዳር ስንዝር አልወጣም። ድንጋይ የጫነው ሹፌር ሲያልፍ እጁን አነሣላት። ባሏም ሳያስበው ለእሱ እጁን አነሣ።

መንደሯ ሲደርሱ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ሲስተር ሥራዋን ጀመረች። ባሏ ሳጥኑን አስረክቦ ወጣ። ከአርባ በላይ ሕፃን አስለቅሳ፣ ካርዶቻቸውን ሞልታ ስትጨርስ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ባሏን መኪናው ውስጥ አጣችው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ የኮረብታው ጠርዝ ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ አገኘችው።

"ከተማው ይሄ ሁሉ ነው?" አላት ሳይዞር።

"ይሄ ሁሉ ነው።"

"ወንዙ ለካ በዚያ በኩል ይታጠፋል።" ጣቱን ቀሰረ። "ያ ሰማያዊ ጣሪያ የማን ነው?"

"የኛ ነው። አምና አንተ ነህ የቀባኸው።"

"ተይ እንጂ" አለ። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አጥብቦ አየው። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ሲስተር ሰውየው እንዲህ ሲስቅ ካየች ስንት ጊዜዋ። እሷም አብራው ሳቀች፣ ሁለቱም የሚያስቃቸውን ነገር ቢጠየቁ ባይመልሱም።

በመመለሻው ላይ ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሳጥኑን ከጭኑ አውርዶ እግሩ ሥር አስቀመጠ።

"ማርሽ ስትቀንሺ አይሰማም" አለ።

ሲስተር የዚህን ቃል ክብደት ታውቃለች። በዘመኑ ሁሉ ስለ አንድም ሹፌር እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። መሪውን አጥብቃ ያዘች።

የዚያን ዕለት ማታ ድርድሩ ተጀመረ። ዳገቱን ሲስተር ትነዳለች። ቁልቁለቱን "እናያለን"። በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ አይነዳም። ጭጋግ ከወረደ ይቆማል፣ እዚያው ይታደራል፣ ማንም አይከራከርም። ሰውየው ምክር መስጠት የሚችለው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

"ኑዛዜ ላይ ዝም እላለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም" አለ።

"ኑዛዜ ላይ ተናዘዝ" አለችው።

እንዲያ ተብሎ የእቅዱ ደብተር ተሞላ። ሲስተር ከማርሽ ሚስት ጀምሮ፣ ጋቢና ተቀምጦ ተራራውን ተሻግሮ የሚያውቅ ሰው ባገኘች ቁጥር እየጠየቀች ጻፈች። አንዲት ታካሚ ጫፉን አልፎ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ውሃዎች ሲገናኙ እንደሚታይ ነገረቻት። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ግመል የተንበረከከ የሚመስል ዓለት አለ አላት። ባሏም በፊናው የፒክአፗን ዘይት ለወጠ፣ ፍሬኗን አስተካከለ፣ የጋቢናውን ወንበር ስፖንጅ ደግሞ አውጥቶ በአዲስ ተካው። "ለአንተ ነው እንዴ?" ብትለው፣ "ለተሳፋሪው ነው" ብሎ መለሰላት።

የጉዞው ቀን ገና ሳይነጋጋ ሳይሆን ቁርሳቸውን አጣጥመው በልተው ነው የተነሡት። እሱ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ረፍዶ መንገድ ጀምሮ አያውቅም፣ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ነበር፤ በተራ ነዱ። በሁለተኛው ቀን ዳገቱ ጀመረና መሪው የሲስተር ሆነ። ኑዛዜ ላይ ሰውየው እስከ አጋማሽ ድረስ ማርሽ ሲቆጥርላት ቆየ። አጋማሹ ላይ መቁጠሩን አቆመ። ለምን እንዳቆመ ማየት አልቻለችም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

ኩርባውን ጨርሰው ወጡ። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ስትደርስ አቆመችና ወረዱ። ሐይቁ እውነትም በቀኝ በኩል አለ። ከታች፣ ከሁለት ተራራ መሃል፣ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ደሴቷም አለች። ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲስተርም ከጎኑ ተቀመጠች፤ ነፋሱ ሻሿን እያነሣ ይጥለዋል። እንሂድ ሳይባባሉ ረጅም ሰዓት እዚያው ቆዩ።

"እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ይደክመኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ልቁም እልና፣ የሚጠብቁኝ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። አንቺም ትዝ ትይኛለሽ። አልቆምም።"

ሲስተር እጁን ያዘችው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ማርሽ ጋ ደወለ።

"ሐይቅ አለ" አለው። "ለሚስትህ ንገራት። ዛፎቹ ግን ሁለት ናቸው፣ አንዷ ገና ትንሽ ናት።"

በሦስተኛው ቀን ጫፉን አልፈው ማዶውን መውረድ ጀመሩ። ቁልቁለቱን "እናያለን" ብለው ነበርና ሲስተር ጠዋት ቁልፉን ዘረጋችለት። ሰውየው ቁልፉን አየ፣ ጋቢናውን አየ፣ ከዚያ ዞሮ ሄዶ በጋቢናው በር ገባ። ለአንድ ሰዓት ያህል ግራና ቀኝ ሲያይ ቆየ። ግመል የሚመስለውን ዓለት እሱ ነው ያገኘው። ሁለቱ ውሃዎች የሚገናኙበትን ስታሳየው ግን መልስ አጣች። ዞር ብላ ብታይ፣ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ተኝቷል። ቀኝ እግሩ ወለሉ ላይ ልፍስፍስ ብሏል።

ልትቀሰቅሰው እጇን ላከችና መለሰችው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ዓይኑን ሳይከድን የሄደ ሰው ነው። ሁለቱን ውሃዎች ብቻዋን አየቻቸው። አንደኛው ቀይ፣ አንደኛው ጥርት ያለ፣ ተገናኝተውም ጥቂት ጎን ለጎን ሳይቀላቀሉ ይሄዳሉ። ሲነቃ ትነግረዋለች፤ ካላመነም ሲመለሱ ያየዋል።

ከታች፣ አየሩ ሞቅ ያለበት ቦታ፣ አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር ብርቱካን ደርድራ ትሸጥ ነበር። ሲስተር ቀስ ብላ አቆመች። ሴትዮዋ ብርቱካኑን በመስኮት ስታቀብላት ወደ ውስጥ አጮልቃ አየች።

"ሰውዬውን አሞት ነው?" ጠየቀቻት።

"አይ" አለች ሲስተር። "ሹፌር ነው።"

ሴትዮዋ የተኛውን አየች፣ መሪው ላይ ያለውን የሲስተርን እጅ አየች፣ ግራ ገብቷት ራሷን ነቀነቀች። ሲስተር ሞተሩን አላስነሣችም። አንዱን ብርቱካን መሪው ላይ እንዳለች ልጣ፣ ግማሹን ለእሱ አስቀምጣ፣ ግማሹን ቀስ እያለች በላች። ከአሥራ ሁለቱ ገና ዘጠኝ ቀን ነበራቸው።